ስቲቨንሰንና ሚስቱ የመረጠችለት መርከብ

ባለፈው ወር አሜሪካ የምትኖረው ልጃችን ደውላ የእኔንና የእናቷን ሠላሳኛ ዓመት የጋብቻ በዓል ምክንያት በማድረግ በመርከብ ልታንሸራሽረን ማሰቧን ነገረችን። ከማያሚ ተነስቶ በካሪቢያን ባሕር ላይ ሰባት ሌሊት የሚፈጅ ጉዞ ነው። በማግሥቱ የሁለት መርከቦችን ፎቶግራፍና የጉዞ ዝርዝር በኢሜይል ልካ እንድንመርጥ አዘዘችን። አንደኛው መርከብ ወደ ምሥራቅ በባሃማስ በኩል፣ ሌላኛው ወደ ምዕራብ በጃማይካ አድርጎ እስከ ሜክሲኮዋ ኮዙሜል የሚሄድ ነው።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ሰነድ ሲሰጡኝ ከፎቶግራፉ ይልቅ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ያጓጓኛል። በዚያም መርከቡ የአየሩ ጠባይ ካስገደደው ከተባለው ወደብ ሌላ ወደብ ሊሄድ፣ ወይም ጭራሽ ሳይቆም ሊያልፍ እንደሚችል አነበብኩ። ዋጋው የረከሰበት ወር ደግሞ ካሪቢያን በአውሎ ነፋስ የሚታመስበት መስከረም መሆኑን ልብ አልኩ። ባለቤቴ ግን ሁለቱንም ወረቀት ገፋ አድርጋ ዝም አለች። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስንሻገር ማዕበል ያልነካው ጣና ላይ እንኳ ሆዷ ተገልብጦ፣ ስንመለስ በየብስ ካልሆነ ብላ አስቸግራን ነበር።

የስኮትላንዱ ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ትዝ ያለኝ ይኼኔ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሬዠር አይላንድን በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፎ አግኝቼ በሁለት ቀን ጨርሼዋለሁ። ሰውየው እንደ እኔው የሕግ ምሩቅ መሆኑን ያወቅኩት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለ ባልና ሚስት የባሕር ሽርሽር ካነሳን ከእነርሱ የበለጠ ታሪክ የሚገኝ አይመስለኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።)

ስቲቨንሰን በ1850 ዓ.ም. ኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። አያቱም አባቱም በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻዎች ላይ የመርከብ መሪ መብራት የሚያቆሙ ስመ ጥር መሐንዲሶች ነበሩ። አባቱ ልጁም በዚሁ ሙያ እንዲተካው ዩኒቨርሲቲ አስገባው። ልጁ ግን ደራሲ እንጂ መሐንዲስ አልሆንም አለ። አባትና ልጅ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሕግ ላይ ታረቁ፤ ድርሰቱ ባያበላው የሚወድቅበት ሙያ ይኑረው ነው ነገሩ። በ1875 ጥብቅና እንዲቆም ተፈቀደለት፤ ስሙም በናስ ሰሌዳ ተቀርጾ በቤታቸው በር ላይ ተለጠፈ። ችሎት የቆመባቸውን ቀናት መቁጠር ግን ጊዜ አይፈጅም።

ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሳንባው ታማሚ ነበር። ያስለዋል፣ ደም ይተፋል፣ ለሳምንታት ከአልጋ አይነሳም። በዚህ ላይ በ1876 ፈረንሳይ ውስጥ አንዲት ባለትዳር አሜሪካዊት አፈቀረ። ፋኒ ኦዝቦርን ትባላለች፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ትበልጠዋለች፤ ልጆችም አሏት። ወደ አገሯ ስትመለስ እርሱም በ1879 ለቤተሰቡ ሳይናገር ተከተላት። ስለ መርከብ ምርጫ ካነሳን የመጀመሪያው ምርጫው ይኸው ነው። ከግላስጎ ወደ ኒውዮርክ ስደተኞችን በሚያጓጉዝ መርከብ የመጨረሻው ማዕረግ ስድስት፣ ከእርሱ ከፍ የሚለው ስምንት ጊኒ ይከፈልበት ነበር። ኪሱ ባዶ የሆነው ሰው ስምንቱን ከፈለ። ምክንያቱም ለሁለቱ ጊኒ ልዩነት የሚጽፍበት ጠረጴዛ ያገኛል። ከዚያ በስደተኞች ባቡር አሜሪካን አቋርጦ፣ በመንገድ ሊሞት ደርሶ ካሊፎርኒያ ገባ። ፋኒ ከባሏ በሕግ ተፋትታ በ1880 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተጋቡ።

ቀጣዮቹን ሰባት ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው። ለሳንባው የሚስማማ አየር ፍለጋ ከስዊዘርላንድ ፈረንሳይ፣ ከፈረንሳይ እንግሊዝ ተንከራተቱ። ትሬዠር አይላንድ በ1883፣ የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ በ1886 መጽሐፍ ሆነው ወጡና ስሙ ገነነ። በ1887 አባቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ነሐሴ እናቱን፣ ሚስቱንና የእንጀራ ልጁን ሎይድን ይዞ እንደገና ወደ አሜሪካ ተሳፈረ። የመረጡት ርካሽ መርከብ ከመንገደኛ ሌላ የሚጭነው ፈረስና ዝንጀሮ መሆኑን የተረዱት ከገቡበት በኋላ ነበር። የሚገርመው፣ በዚያ ሽታና ጩኸት መካከል ስቲቨንሰን ከዓመታት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ባሕር ላይ ጤናው ይመለስለታል።

የፋኒ ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ባሕር አትወድም። መርከብ ሲነቃነቅ ወዲያው ትታመማለች፤ ሕመሙም ከጉዞ ጉዞ አልለመዳትም። አንባቢ ይህን ይያዝልኝ።

ክረምቱን ከኒውዮርክ በስተሰሜን ባለው በሳራናክ ሐይቅ አጠገብ፣ የሳንባ ሐኪም ባለበት ቀዝቃዛ መንደር አሳለፉት። ማክሉር የተባለው አሳታሚ ሊጠይቀው ሲመጣ ወሬው ሁሉ ስለ ባሕር ጉዞ ሆነ። ማክሉር የጉዞ ደብዳቤዎቹን ለጋዜጦች ሊሸጥለት ቃል ገባ፤ የመርከበኞች መምሪያ መጻሕፍትንም ላከለት። በረዶ በከበበው ቤት ውስጥ በሽተኛው ሰው ስለ ፓሲፊክ ደሴቶች ወደብና ጥልቀት እያነበበ ከረመ። ፋኒ በ1888 ጸደይ ወደ ካሊፎርኒያ ስትሄድ የሚከራይ መርከብ እንድትፈልግ አደራ ተሰጣት።

አገኘች። ካስኮ የተባለች ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ መርከብ በወር 750 ዶላር እንደምትከራይ፣ ከኋላ ለስድስት ከፊት ለስድስት ሰው የሚበቃ ማረፊያ እንዳላት፣ በአሥር ቀን ውስጥ ለጉዞ እንደምትደርስ ገልጻ አፋጣኝ መልስ የሚጠይቅ ቴሌግራም ላከች። ባል መርከቧን ሳያይ በዚያው ቀን ተስማማ። ከአባቱ ውርስ 2,000 ፓውንድ ለዚህ መደበ። ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የገለጸው ሐሳብ፣ ጤናው ካልተመለሰ ገንዘቡ እንደጠፋ ይቁጠረው፣ እርሱም እንደማይድን ይወቀው የሚል ነበር። እኔ ደንበኛዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ውል እንዲፈርም አልመክረውም ነበር።

ካስኮ 95 ጫማ ገደማ ትረዝማለች። ሳሎኗ በቀይ ከፈይ፣ በመስታወትና በሚያብረቀርቅ ናስ ያጌጠ ነው። ሆኖም የተሠራችው ለካሊፎርኒያ የባሕር ወሽመጦች እንጂ ለሰፊው ውቅያኖስ አልነበረም፤ ምሰሶዎቿ ለቁመቷ የረዘሙ ናቸው። ባለቤቷ ዶክተር ሜሪት የኦክላንድ ሀብታምና የከተማዋ የቀድሞ ከንቲባ ነበሩ። ደራሲ የተባለ ሁሉ ጤነኛ አይመስላቸውምና አመነቱ። ስቲቨንሰንን አግኝተው ካነጋገሩት በኋላ ፈቀዱ፤ ካፒቴኑ ግን የራሳቸው ሰው ኦቲስ እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ኦቲስ ተሳፋሪውን አይቶ ከጉዞው በሕይወት እንደማይመለስ ገመተ፤ አስከሬን ባሕር ላይ ለመቅበር የሚያስፈልገውንም ሁሉ አስጭኖ ነበር።

በግንቦት ስቲቨንሰን ለደራሲው ለሄንሪ ጄምስ የጻፈለት የጉዞ መስመር ሆኖሉሉ፣ ታሂቲ፣ ጋላፓጎስ፣ ጓያኪል የሚል ነበር፤ መነሻውም ሰኔ 15። የተነሱት ሰኔ 28 ነው። መጀመሪያ የደረሱት ከእነዚህ በአንዱም ሳይሆን ከሦስት ሳምንት በላይ ተጉዘው በማርኬሳስ ደሴቶች፣ ኑኩ ሂቫ ነው። ሆኖሉሉ የመጨረሻ ሆነች። ጋላፓጎስንና ጓያኪልን በዚያ ጉዞ አላዩአቸውም። ከላይ የጠቀስኩት ደቃቅ ፊደል አዲስ ነገር አይደለም ማለቴ ነው።

በመንገድ ላይ ካፒቴን ኦቲስና ሴቶቹ የተጎሻሸሙባቸው ነገሮች ያስቃሉ። ፋኒ መሪውን የያዘውን መርከበኛ ስታጫውተው ካፒቴኑ ዛሬስ ሰውየው መርከቧን እንዲነዳ እንደሚፈልግ በትሕትና አሳሰባት። የ59 ዓመቷ የስቲቨንሰን እናት ባሕር ውስጥ ቢወድቁ ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅም መዝገቡ ላይ እንደሚጽፈው መለሰ። ስቲቨንሰን በዚህ ሁሉ መካከል ደረቱን ከፍቶ፣ ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ ይመላለሳል። ማርኬሳስ ላይ በፈረስ ጋለበ፤ ከቀድሞ ሰው በሎች ጋር ተቀምጦ አወጋ። ፓውሞቱ በሚባሉት ዝቅተኛና ለመርከብ አደገኛ ደሴቶች መካከል ፋካራቫ ላይ ሰነበቱ።

እዚያ የያዘው ጉንፋን ታሂቲ ሲደርሱ ጣለው፤ ደም መትፋቱም ተመለሰ። የከተማዋ የፓፔቴ አየር አልተስማማውም። እዚህ ላይም የወሰነችው ፋኒ ናት። በደሴቲቱ ማዶ ወደምትገኘው ታውቲራ በጋሪ ወሰደችው። የአገሩ ልዕልት ሞኤ ወደ ቤቷ አስገብታ አስታመመችው። ኦሪ የተባለው ባላባት ቤቱን ለቀቀላቸው፤ ስቲቨንሰንና ኦሪም እንደ አገሩ ልማድ ስም ተለዋውጠው ወንድማማች ሆኑ።

የምሰሶው ነገር የወጣው በዚሁ ሰሞን ነው። የስቲቨንሰን እናት የመንደሩን ሴቶች መርከቧ ላይ ጋብዘው ሳለ አንዲት አሮጊት ጸሎት አደረጉ። በምሰሶዎቹ ላይ ጉድለት ካለ በጊዜ እንዲገለጥ ነበር የለመኑት። ካፒቴኑ በጸሎቱ ሲሳለቅ ቆይቶ ሲያስመረምር እንጨቱ ውስጥ ውስጡን በስብሶ አገኘው። በዚያ ምሰሶ ማዕበል ገጥሟቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ እነርሱ የምጽፈው አይኖርም ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ውሉ ሲፈረም ከፈዩን ያየ ሁሉ ምሰሶውን አላየም። መርከቧ ለጥገና ፓፔቴ ሄዳ ለሳምንታት ስትዘገይ ቤተሰቡ ስንቁ አለቀ፤ ኦሪም እንደ ዘመድ አበላቸው። ገና ዕለት ተነስተው አንዴ ነፋስ ጠፍቶ፣ አንዴ ማዕበል በርትቶ፣ ስንቃቸው ተሟጥጦ በጥር 24 ቀን 1889 ሆኖሉሉ ሲገቡ ዘመዶቻቸው ሰጥመዋል ብለው ሰግተው ነበር።

ካስኮ ተመለሰች። እነርሱ ግን ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ሞሎካይ ደሴት በሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲመጣ ቀጣዩ ጥያቄ እንደገና የመርከብ ሆነ። አንዱ አማራጭ የሚስዮናውያን መርከብ ነበር፤ መጠጥ የለም፣ ትምባሆ የለም። ሲጋራ ከእጁ የማይለየው ስቲቨንሰን ኢኳተር የምትባል ኮፕራ የምትነግድ ትንሽ የሸራ መርከብ ስትገኝ እፎይ አለ። የኪራይ ውሉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፤ ኢኳተር በየትኛውም ቦታ ለአምስት ደቂቃ እንኳ መልሕቅ ከጣለች ተከራዮቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሦስት ቀን ሊያቆሟት ይችላሉ። ሰውየው ሕግ የተማረው በከንቱ አልነበረም የምለው ለዚህ ነው። በዚህች መርከብ የጊልበርት ደሴቶችን አይተው በታኅሣሥ 1889 ሳሞአ ደረሱ። እዚያም አፒያ አጠገብ ቫይሊማ ላይ ከ300 ኤከር በላይ መሬት ገዙ።

በ1890 መጀመሪያ ሲድኒ ሳሉ እንደገና ወደቀ። ከተማና ብርድ እንደሚገድለው የተረዳችው ፋኒ ጃኔት ኒኮል የተባለች የንግድ እንፋሎት መርከብ ልትነሳ መሆኗን ሰማች። ባለንብረቶቹ መንገደኛ አንወስድም ቢሏት እምቢ አለች፤ እስኪፈቅዱ ድረስ ተመላለሰች። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሳንቃ ላይ ተሸክመው አሳፈሩት። ከኦክላንድ እንደወጡ ተሳፋሪ የያዘው ርችት ፈንድቶ ክፍላቸው ሲቃጠል መርከበኞቹ የሚነደውን ሣጥን ወደ ባሕር ሊወረውሩት ያዙ። ያስጣለቻቸው እርሷ ናት፤ የባሏ ድርሰቶች ያሉት እዚያ ውስጥ ነበር። ጃኔት ኒኮል ክፉኛ የምትናወጥ መርከብ ነበረች። ፋኒ እየታመመች የያዘችው የዚያ ጉዞ ማስታወሻ በሞተችበት በ1914 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

ብዙዎች ስለ ስቲቨንሰን ሲጽፉ ባሕሩ ያደሰው የባሏን ጤና ብቻ ይተርካሉ። እውነት ነው፤ ኦቲስ ለቀብሩ የተዘጋጀለት ሰው ከዚያ በኋላ ከስድስት ዓመት በላይ ኖሯል። ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው የሚለው ግን እምብዛም አይነሳም። መርከቦቹን የመረጠችው ባሕር የሚያማት ሴት ነበረች። በ1893 ቫይሊማ ላይ አእምሮዋ እስኪታወክ ደርሳ ነበር። ስቲቨንሰን ይህን አያውቅም ነበር አልልም፤ ቢያውቅም ግን ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የብስ ላይ ሁለቱም አብረው ብዙ ባልቆዩ ነበር።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1894 ፋኒ ከማለዳ ጀምሮ ክፉ ነገር ይመጣል የሚል ፍርሃት ይዟት ዋለ። ማታ እርሱ ሊያጽናናት እየቀለደ በረንዳው ላይ ለራት ሰላጣ ሲያዘጋጁ ራሱን ይዞ ወደቀ። ሲፈራው የኖረው ሳንባው ሳይሆን አንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ገደለው። 44 ዓመቱ ነበር። ሳሞአውያን ሌሊቱን በጫካው መንገድ ጠርገው በማግሥቱ ቫኤያ ተራራ ላይ ቀበሩት። የፋኒን አመድ ልጇ በ1915 አምጥታ አጠገቡ አኖረችው። ካስኮ ባለቤቶች ስትለዋውጥ ቆይታ በ1919 በቤሪንግ ባሕር ኪንግ ደሴት አጠገብ ተሰባበረች።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አንድ ምሽት ተረኩላት። ስለ ስቲቨንሰን ብዙም አልጠየቀችኝም፤ ፋኒ ለማቅለሽለሹ ምን መድኃኒት ትወስድ እንደነበር ነው የጠየቀችኝ። በማግሥቱ ለልጃችን ደውዬ ከሁለቱ መርከቦች የትኛውም ይሁን፣ ብቻ ክፍላችን ከመርከቡ መካከል፣ ውኃው አጠገብ ዝቅ ካለው ወለል እንዲሆንልን፣ ጊዜውም ከመስከረም ወደ የካቲት እንዲዛወር ነገርኳት። እዚያ መናወጡ ያንሳል ይባላል። ባለቤቴ እሺታዋን ገና አልሰጠችም። ወረቀቶቹ ግን ከገፋቻቸው ቦታ ተነስተው መነጽሯ አጠገብ ተቀምጠዋል።