አበበ ቢቂላ - ከሮማ ጎዳና እስከ ተሽከርካሪ ወንበር

የማራቶን ጀግናው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በቀድሞው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው ጃቶ መንደር ተወለደ። የልደቱ ዕለት በአጋጣሚ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር የተካሄደበት ቀን ነበር። ከ28 ዓመታት በኋላ ይህንኑ ውድድር አሸንፎ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ እንደሚያስገኝ በዚያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

አበበ ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ በክቡር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጥሮ ማገልገል ጀመረ። በሠራዊቱ ውስጥ የሚካሄደው ስፖርታዊ እንቅስቃሴ የሩጫ ችሎታውን ለማውጣት ዕድል የሰጠው ሲሆን፣ በወቅቱ በኢትዮጵያ የስፖርት ሥልጠና ይሰጥ የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ተሰጥኦውን ተገንዝቦ በቅርብ ያሠለጥነው ጀመር።

ሥልጠናው በዘፈቀደ የሚከናወን አልነበረም። አትሌቶቹ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባና በአካባቢዋ ረጅም ርቀት ይሮጣሉ፤ ዳገት ይወጣሉ፤ የፍጥነት ልምምድ ያደርጋሉ፤ ውጤታቸውም በሰዓት ይለካል። አበበ ወደ ሮማ ከመጓዙ በፊት በ1952 ዓ.ም ክረምት በአዲስ አበባ በተደረገ የማራቶን ውድድር ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አጠናቀቀ። ይህ ሰዓት ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር። ይሁን እንጂ የውጭው ዓለም ውጤቱን ልብ ባለማለቱ አበበ ሮማ የገባው ማንም የማያውቀው ተወዳዳሪ ሆኖ ነው።

የሮማ ማራቶን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በኢትዮጵያ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ተካሄደ። ውድድሩ እንደ ቀድሞዎቹ ኦሊምፒኮች በስታዲየም ተጀምሮ በስታዲየም የሚጠናቀቅ ሳይሆን፣ አመሻሽ ላይ ከካምፒዶሊዮ አደባባይ ተነስቶ በከተማዋ ጎዳናዎችና በጥንታዊው የአፒያ መንገድ በኩል አልፎ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር የሚያበቃ ነበር። መሽቶ ስለነበር በመንገዱ ዳር የቆሙ ወታደሮች ችቦ ይዘው ለሯጮቹ ያበሩላቸው ነበር።

አበበና አሠልጣኙ የውድድሩን ጎዳና አስቀድመው ተመልክተውታል። ከመድረሻው በፊት፣ ፖርታ ካፔና በተባለው አደባባይ፣ ፋሽስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ከኢትዮጵያ ዘርፋ የወሰደችው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ከሐውልቱ ቀጥሎ መንገዱ ጥቂት ዳገታማ ስለሆነ ተፎካካሪን ጥሎ ለመሄድ አመቺ መሆኑን ተገንዝበው፣ የመጨረሻው የፍጥነት ለውጥ በዚያ ሥፍራ እንዲደረግ አቀዱ።

አበበ በባዶ እግሩ መሮጡ ብዙ ጊዜ ከድህነት ጋር ተያይዞ ይነገራል። ውሳኔው ግን ጫማ ከማጣት የመጣ አልነበረም። ለውድድሩ የቀረበለት አዲስ ጫማ ለእግሩ ስላልተመቸው፣ በልምምድ ወቅት በለመደው መንገድ ያለ ጫማ መሮጥን መረጠ። በማያውቀው ጫማ እግሩን ከማቁሰል የተፈተነውን መንገድ መከተል የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል።

በውድድሩ ዕለት 69 ሯጮች ተሰለፉ። አበበ ከሁሉም በላይ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠባበቅ ተነግሮት ነበር። ራዲ 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ቢጠበቅም ለብሶ የወጣው 185 ቁጥርን ነበር። በመሆኑም አበበ ከጎኑ የሚሮጠው ሰው ራዲ መሆኑን ሳያውቅ 26 ቁጥርን በዓይኑ ይፈልግ ነበር። ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለቱ ሌሎቹን ጥለው ለብቻቸው ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆዩ። ወደ አክሱም ሐውልት ሲቃረቡ አበበ በዕቅዱ መሠረት ፍጥነቱን ጨመረ። ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በመጨረስ የዓለም ምርጥ ሰዓት ሲያስመዘግብ፣ ራዲ በ25 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። የአገሩ ልጅ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ሆኖ አጠናቀቀ።

ድሉ ከስፖርት ውጤት ያለፈ ትርጉም ነበረው። በርካታ የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን በተቀዳጁበት በዚያው ዓመት፣ ኢትዮጵያን በወረረች አገር ዋና ከተማ፣ የተዘረፈው የአገሩ ቅርስ በቆመበት ጎዳና የተገኘ ድል በመሆኑ አህጉሪቱን በሙሉ አኩርቷል።

አበበ በ1953 ዓ.ም በአቴንስና በጃፓን ኦሳካ የተካሄዱ ማራቶኖችን አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም በቦስተን ግን አምስተኛ በመውጣት ሽንፈትን ቀምሷል።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በፊት ነው። ውድድሩ 35 ቀናት ሲቀሩት፣ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሙሉ በሙሉ ሳያገግም ወደ ቶኪዮ ቢጓዝም ጥቅምት 11 ቀን ከመነሻው መስመር አልቀረም። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ በመሮጥ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አንደኛ ሲወጣ፣ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ነበር። ከገባ በኋላም በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ታይቷል። በዚህም የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ሲቲ ለሦስተኛ ጊዜ ቢሰለፍም በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን ግን የቡድን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ለኢትዮጵያ አስገኘ።

ከአምስት ወራት በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም፣ አበበ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሲያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ተገልብጣ ከባድ አደጋ ደረሰበት። በእንግሊዝ በሚገኘው የስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ቢታከምም እግሮቹ ዳግም ሊታዘዙለት አልቻሉም። ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ሥራቸውን ቢያቆሙም አበበ ከስፖርት አልተለየም። በ1962 ዓ.ም በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም ደግሞ በኖርዌይ በውሾች በሚሳብ የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸናፊ ሆነ።

በ1964 ዓ.ም በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ሲቀርብ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። የሙኒክ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን ሲሆን፣ ይህም ከሮማው ድል ልክ 12 ዓመት በኋላ ነበር።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በአንጎል ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት በ41 ዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ሥርዓተ ቀብሩም ንጉሠ ነገሥቱና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተገኙበት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ።

የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም በቀድሞ ሥፍራው ቆሟል። የሮማው ድል 50ኛ ዓመት በታሰበበት በ2002 ዓ.ም የሮማ ማራቶን ደግሞ ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ በመሮጥ አሸንፏል። አበበ ለተተኪዎቹ ያወረሰው ግን ከሜዳሊያም ሆነ ከባዶ እግር ይበልጣል፤ ጎዳናውን አስቀድሞ ማወቅን፣ በዕቅድ መጽናትንና ዕቅድ ሲፈርስም በቀረው አቅም መቀጠልን አስተምሯል።