ዛርን ሊመረምር መጥቶ የራሱን ገመና የጻፈው ሚሼል ሌሪስ

ዛር የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከአሶሳ እስከ ጎንደር፣ ድንበር ተሻግሮም በሱዳን፣ ዕጣን የሚጤስለት፣ ቡና የሚፈላለት፣ ከበሮ የሚመታለት መንፈስ አለ ሲባል ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። የሃይማኖት አባቶች ያወግዙታል፤ ብዙው ሰው ይፈራዋል፤ የተጨነቀ ደግሞ በጓሮ በር ወደ ባለዛሩ ቤት ያዘግማል። ከዘጠና ዓመታት በፊት ይህን ነገር ቀርቦ ለማየት ከፓሪስ ጎንደር ድረስ የመጣ አንድ ፈረንሳዊ ነበር። ሚሼል ሌሪስ ይባላል። ታሪኩን ማንሳት የሚያስፈልገው ስለ ዛር በመጻፉ ብቻ አይደለም። የሌላውን ሕዝብ ምስጢር ሊመረምር መጥቶ የራሱን ገመና ስላገኘ፣ ያገኘውንም ሳይሸሽግ ለአደባባይ ስላበቃ ነው።

ሌሪስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1901 በፓሪስ፣ ከተደላደለ ቤተሰብ ነው። ኬሚስትሪ መማር ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ግጥም አዘነበለና ትምህርቱን ተወው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሱሪያሊዝም የተባለው የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ሲመሠረት ከወጣት ባለቅኔዎቹ ጋር ተቀላቀለ። እነዚህ ወጣቶች ሕልምን እንደ ዕውቀት ምንጭ ይቆጥሩ ነበር። ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ያዩትን ይጽፋሉ፤ አእምሮ ሳይቆጣጠረው የሚፈስሰውን ቃል ይለቅማሉ።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ የቪየናው ሐኪም የሲግመንድ ፍሮይድ ትምህርት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1939 የኖረው ፍሮይድ፣ ሰው ራሱ የማያውቀው የአእምሮ ክፍል እንዳለው፣ በዚያ ስውር ጓዳም ከልጅነት ጀምሮ የታፈነ ምኞት፣ በተለይም የፍትወት ምኞት፣ እንደሚከማች አስተማረ። የታፈነው ነገር በሕልም፣ በአፍ ወለምታ ወይም በሕመም መልክ ይወጣል አለ። መድኃኒቱም በሽተኛው ጋደም ብሎ የመጣለትን ሁሉ ያለ ሐፍረት እንዲናገር ማድረግ ነበር። በዚያው ዘመን እንደ ኦስትሪያ ጀርመኑ ክራፍት ኤቢንግና እንደ እንግሊዛዊው ሃቭሎክ ኤሊስ ያሉ ሐኪሞችም የወሲብን ጉዳይ ከሹክሹክታ አውጥተው የሳይንስ ጥናት አደረጉት። የአውሮፓ ደራሲያንም ቀደም ሲል በመጋረጃ ያልፉት የነበረውን ፍትወት በገሃድ መጻፍ ጀመሩ።

ሌሪስ ግን የዚህ ትምህርት አንባቢ ብቻ ሳይሆን ታካሚም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ሉዊዝ ጎዶን የተባለችውን ወጣት አግብቶ ነበር፤ ሆኖም ጭንቀት፣ የመጠጥ ልማድ፣ ከሴት ጋር ባለው ግንኙነት የሚሰማው ፍርሃትና ጽሕፈት የነጠፈበት መሆኑ አሠቃዩት። በአሥርት ዓመቱ ማብቂያ ላይ አድሪየን ቦሬል ወደተባለ የአእምሮ ሐኪም ሄዶ በፍሮይድ ዘዴ መታከም ጀመረ። በዚህ መካከል ወደ አፍሪካ የሚሄድ የጥናት ቡድን የጸሐፊነት ሥራ አቀረበለት። ሌሪስ ራቅ ወዳለ አገር ቢሄድ ከራሱ የሚያመልጥ መሰለው።

ቡድኑን የመራው ማርሴል ግሪዮል የተባለ የኅብረተሰብ ተመራማሪ ነበር። ጉዞው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1931 ተጀምሮ የካቲት 1933 ተጠናቀቀ፤ ከዳካር ተነሥቶ አህጉሩን አቋርጦ ጂቡቲ ደረሰ። ዋና ዓላማው ለፓሪስ ሙዚየም ቁሳቁስ መሰብሰብ ሲሆን፣ ከ3 ሺህ በላይ ዕቃዎች ተሰብስበዋል። ሌሪስ የዕለት ውሎውን በየቀኑ ይመዘግብ ነበር። በዛሬዋ ማሊ ምድር የመንደር ሰዎች የሚያከብሯቸው የአምልኮ ዕቃዎች በማስፈራራትና በስርቆት ሲወሰዱ፣ እርሱ ራሱም እጁን እንዳስገባበት ጻፈ። ኅሊናው እየቆረቆረውም ቢሆን ከመውሰድ አልታቀበም ነበር።

ቡድኑ በሱዳን በኩል ገላባት ደርሶ ድንበሩን ለመሻገር ሳምንታት ከጠበቀ በኋላ በመተማ አድርጎ ገባ። ሰኔ 1924 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጎንደር ደርሶ በጣሊያን ቆንስላ ግቢ ሰፈረ። ክረምቱንና መኸሩን በዚያ አሳለፈ። ሌሪስ የዛርን ጉዳይ እንዲያጠና የተመደበው በዚህ ጊዜ ነው።

አማርኛው ጥቂት ስለነበር ያለ አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም ነበር። አባ ጄሮም የኤርትራ ተወላጅ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ምሁር ነበሩ። በባለዛሮቹ ቤት የተባለውን፣ የተዘፈነውንና የተፎከረውን በአማርኛ በደብተራቸው ያሰፍሩ ነበር። ሌሪስ በኋላ ስለ ጎንደር ዛር የጻፈው ሁሉ የቆመው በእኚህ ሰው ልፋት ላይ ነው።

ሁለቱ ዘወትር የሚሄዱት ወደ ወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት ነበር። ወይዘሮ መልካም አየሁ በዕድሜ የገፉ፣ በከተማው የታወቁ የባለዛሮች አለቃ ነበሩ። በዛር ቤት ሥርዓት የታመመው ሰው የመንፈሱ ፈረስ ይባላል። ሰይፉ ጨንገር ወይም ራሄሎ የሚባል ዛር በፈረሱ ላይ ሲወጣ ያጓራል፣ ይፎክራል፣ የሚሻውንም ይጠይቃል። ባለዛሯ መንፈሱን በስሙ ለይታ ትደራደረዋለች። መንፈሱ ፈጽሞ ባይባረርም በግብርና በመሥዋዕት እየተለማመጠ ሰውየው አብሮት ይኖራል። በቤቷ ድምፅ የሌላት ሴት፣ ዛሯ ሲነሣ ልብስ ትጠይቃለች፤ ባሏን ትገሥጻለች፤ ሰውም ይሰማታል። ሌሪስ ይህን ሲያይ በፓሪስ የሐኪሙ ክፍል ውስጥ ጋደም ብሎ ከተናገረው የራሱ ጭንቀት ጋር ሳያነጻጽረው አልቀረም።

ቀስ በቀስ ተመራማሪነቱ ላላ። የወይዘሮ መልካም አየሁን ልጅ ወይዘሮ እማዋይሽን ወደደ። ድምፃቸው፣ ግጥማቸውና ዝምታቸው ልቡን ያዘው። ነገር ግን ፍቅሩን ወደ ተግባር አላሻገረውም። ባዕድነቱ፣ ፍርሃቱና በእጁ የያዘው ደብተር አገዱት። በእርሱ ወጪ በተሠዋ ከብት ሥነ ሥርዓት ተካፈለ፤ ደሙን ቀመሰ፤ ሞራው በግንባሩ ላይ ታሰረለት። በመንፈስ የተያዙትን ከማጥናት ይልቅ ራሱ ቢያዝ እንደሚመርጥ በዕለት ማስታወሻው አሰፈረ። መንፈስ ግን አልያዘውም። እርሱ በፍቅር ዓይን ሲመለከታቸው የቤቱ ሰዎች ደግሞ ገንዘብና ስጦታ ይዞ የመጣ እንግዳ አድርገው እንዳዩት ሲገባው ምሬት ሞላው። የእነርሱም አመለካከት ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ የሚከፍለውም የሚጽፈውም እርሱ ነበርና።

ወደ አገሩ ተመልሶ ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1934 ሳያለዝብ አሳተመው። የመጽሐፉ ርእስ በአማርኛ የጥላ አፍሪካ እንደ ማለት ነው። ሌሎች ተጓዦች ጀግንነታቸውን ሲያወሩ እርሱ ሕልሙን፣ የሥጋ ምኞቱን፣ ድክመቱንና የቡድኑን ዘረፋ ጻፈ። ግሪዮል ተቆጣ፤ ወዳጅነታቸውም ሻከረ። ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን እጅ ከወደቀች በኋላ የቪሺ መንግሥት መጽሐፉን አገደው።

እ.ኤ.አ. በ1939 የታተመው የሕይወት ታሪኩም በዚያው መንገድ ሄደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያለውን የፍትወት ፍርሃት አንድ በአንድ ዘረዘረ። በኋላ በጻፈው መግቢያ ላይ ሥነ ጽሑፍን ከስፔን የበሬ ፍልሚያ ጋር አነጻጸረ። በሬ ያረባ ገበሬ ቀንድ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሌሪስም ጸሐፊ ራሱን ለአንዳች ቀንድ ካላጋለጠ ሥራው ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል ብሎ ያምን ነበር።

ከዚህም አልፎ ትምህርቱን ወደ አደባባይ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የኅብረተሰብ ጥናት ከቅኝ ግዛት ጋር ያለውን ቁርኝት በግልጽ ተቸ፤ የሚጠኑት ሕዝቦች ራሳቸው አጥኚ የሚሆኑበትን ቀን ተመኘ። እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ጎንደር ዛር በጻፈው መጽሐፍ ደግሞ ሥርዓቱን ከቴአትር ጋር አመሳሰለው፤ ማታለል ነው ብሎ ግን አላጣጣለውም። ተዋናዩ ራሱ አምኖበት የሚኖረው ቴአትር አድርጎ ነው ያቀረበው።

ቡድኑ ከጎንደር የወሰደው ነገር ዛሬም አነጋጋሪ ነው። የአባ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው ተነሥተው፣ በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተተክተዋል። የመጀመሪያዎቹ አሁን በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ቅርሶች ወደ አፍሪካ ይመለሱ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር የሌሪስ ማስታወሻ እንደ ምስክር ይጠቀሳል። ከወሳጆቹ አንዱ በገዛ እጁ የጻፈው ነውና ለማስተባበል አይመችም።

ሌሪስ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1990 በ89 ዓመቱ አረፈ። ያስቀረው ትምህርት ሁለት ጎን አለው። ሰው የሚያፍርበትን ምኞት መናገሩ ከብዙ ሐሰት እንደሚያድን አሳይቷል። በሌላ በኩል ግን የእማዋይሽን ልብ የምናውቀው በእርሱ ብዕር በኩል ብቻ ነው፤ እርሳቸው ስለዚያ ደብተር ስለያዘ እንግዳ ምን ያስቡ እንደነበር በራሳቸው እጅ የተጻፈ መጽሐፍ የለንም። አያቶቻቸው ስለ ዛር፣ ስለ ሕመምና ስለ ፍቅር የሚያውቁትን በገዛ ቋንቋቸው የሚጽፉ የዚህ አገር ልጆች በበዙ መጠን፣ ይህ ጉድለት ይሞላል።