አክሊሉ ለማ እና የእንዶድ ማስረጃ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የቢልሃርዚያን ሥርጭት የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቀደምት ጽሑፎችን ሲያገላብጥ አንድ ስም ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ስሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩት መጠሪያ በመሆኑ፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው በተቋምነቱ እንጂ በሰውየው ታሪክ አይደለም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው በሰውየው ላይ ነው፤ በተለይም በሀገር ውስጥ የተረጋገጠ ግኝታቸው በውጭ እስኪታመን ባለፉት ረጅም ዓመታት ላይ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አክሊሉ ለማ በ1930ዎቹ አጋማሽ በጅጅጋ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ካገኙ በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ ዓድዋ ተጓዙ። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ በቀንድ አውጣ ውስጥ ካላደገ ሰውን ሊይዝ ስለማይችል፣ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የመተላለፊያ ሰንሰለቱን ይበጥሳል።

በጅረቱ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። አክሊሉ ያስተዋሉት ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነው። ከላይኛው የወንዙ ክፍል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ ካደረጉ በኋላ፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የእንዶድን አጣቢነት ኢትዮጵያውያን እናቶች ለዘመናት ሲያውቁት ኖረዋል፤ የአክሊሉ ድርሻ በዚያ ዕውቀት ውስጥ የምርምር ጥያቄ ማየታቸው ነው። እኔ በግሌ ከኋለኛው የቤተ ሙከራ ሥራ ሁሉ ይህን የመጀመሪያ ቅጽበት አስበልጣለሁ።

በ1966 በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው መሩ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ የተካሄደው የመስክ ሙከራ የተቋሙ ታላቅ ሥራ ነበር። የከተማዋ ጅረቶች በእንዶድ ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ፣ ለትምህርት ባልደረሱ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሕፃናቱ መመረጣቸው የጥናቱን ብልህነት ያሳያል፤ አዋቂው ከቀድሞ ጀምሮ የተያዘ ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ መተላለፍ መቀነሱን በግልጽ የሚመሰክረው የሕፃኑ ምርመራ ነው። በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባልደረቦች ጋር በተደረገ ሥራም ቀንድ አውጣ ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለይቶ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

ይህም ሁሉ ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድን ለመቀበል ለረጅም ጊዜ አመነታ። በገበያ ላይ የነበረው ኒክሎሳማይድ ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዛ ነበር፤ እንዶድ ግን በደጅ ይበቅላል። የድርጅቱ ጥንቃቄ በሙሉ መሠረተ ቢስ ነበር ማለት አግባብ አይመስለኝም። እንዶድ ዓሣን ይገድላል፣ የቀንድ አውጣን እንቁላል ደግሞ አያጠፋም። የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በዓሣ ላይ በተመሠረተበት የሐዋሳ ሐይቅ፣ በዓድዋ ጅረት የተደረገውን እንዳለ መድገም አይቻልም። የአክሊሉ ቅሬታ ግን ሌላ ነበር፦ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በበለጸጉት ሀገራት ካልተደገመ በቀር እንደ ማስረጃ አለመቆጠሩ። ዓለም አቀፍ ደረጃን የጠበቀው የመርዛማነት ጥናት በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ሲካሄድ፣ ከዓድዋው ትዝብት ሃያ ዓመታት አልፈው ነበር።

በዚህ መካከል አክሊሉ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተዛውረው፣ በኋላም በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል አገልግለዋል። በሀገር ውስጥ ሥራውን ያስቀጠሉት የዕፅዋት ሳይንቲስቱ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው በማወዳደር፣ ቁጥር 44 የተባለውን ኃይለኛ ዝርያ መረጡ። ስለ አክሊሉ ሲነገር የለገሠ ስም መዘንጋቱ ተገቢ አይደለም፤ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት ሁለቱም በጋራ ነውና።

የእንዶድ ታሪክ በ1990ዎቹ ያልተጠበቀ አቅጣጫ ያዘ። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የታላላቆቹን ሐይቆች የውኃ ቱቦ ይደፍን የነበረውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ እንዶድ እንደሚገድል ተረጋገጠ። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱም በአሜሪካ ተመዘገበ። ዕውቀቱም ተክሉም የኢትዮጵያ ሆኖ ሳለ ጥቅሙ ለማን ይሁን የሚለው ክርክር ተነሣ፤ እንዶድም ስለ ሀገር በቀል ዕውቀት ባለቤትነት በሚጻፉ ጽሑፎች ተደጋግሞ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆነ።

አክሊሉ ለማ በ1997 አረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬም በስማቸው እየተጠራ ተመራማሪዎችን ያሠለጥናል።