ጥላሸትን የጠረጠሩት ሐኪም

እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ስለ ፐርሲቫል ፖት ነው።

ፖት በ1714 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱባቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። አድገው በቅዱስ በርቶሎሜዎስ ሆስፒታል ሐኪም ሆኑ። አንድ ቀን ከፈረስ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሊቆረጥ ሲል ለጥቂት ተረፈ። እሳቸው ግን ዝም ብለው አልተኙም፤ በሕመማቸው ጊዜ መጻፍ ጀመሩ።

በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ እንደኛ ያሉ፣ ከኛም የሚያንሱ ድሃ ልጆች ጠባብ የጭስ ማውጫ ውስጥ እየገቡ ጥላሸት ይጠርጉ ነበር። ካደጉ በኋላ አንዳንዶቹን የቆዳ ካንሰር ያዛቸው። ሌሎች ሐኪሞች ሌላ በሽታ ይመስላቸው ነበር። ፖት ግን የሰዎቹን ሥራ አስተዋሉ። በሽታው ቆዳቸው ላይ ከሚቀረው ጥላሸት እንደሚመጣም በ1775 ጻፉ። ካንሰር ከሥራ ሊመጣ እንደሚችል ያሳዩ የመጀመሪያው ሰው ይባላሉ።

በ1788 ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ለዚህ ሥራ መቅጠር በሕግ ተከለከለ። ሕጉን ብዙዎች ባያከብሩትም ጅምር ነበር። ፖትም በዚያው ዓመት አረፉ።

ይህን ሳነብ የቤታችን ማድ ቤት ትዝ አለኝ። ጣራው በጥላሸት ጠቁሯል፤ እናቴ እንጀራ ስትጋግር ጭሱ ያስላታል። ለአባቴ ስለ ፖት ነገርኩት። እሱም ባለፈው ቅዳሜ ግድግዳውን በስቶ መስኮት አወጣለት። እናንተስ ማድ ቤታችሁ መስኮት አለው? ዛሬ ስትገቡ እዩት።