ካርሎ ጉዚ፤ አሮጌ የጣሊያን ሞተር ሳይክል ለሚገዛ ሰው

አሮጌ የጣሊያን ሞተር ሳይክል መግዛት የሚያምራቸው ተማሪዎች በመካከላችን ጥቂት አይደሉም። በተለይ ከፍ ብሎ የቆመውን፣ ኮረኮንችና ዳገት የማይፈራውን፣ ለረጅም መንገድ የተሠራውን ዓይነት። ወሬው ግን ሁልጊዜ በዋጋ ይጀምርና በዋጋ ያልቃል። እኔ ደግሞ ከዋጋው በፊት የሠራውን ሰው ማወቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ስለዚህ የሞቶ ጉዚ ሞተር ሳይክልን የፈጠረውን የካርሎ ጉዚን ሕይወት በአጭሩ አቀርባለሁ፤ ገዢ የሆነ ሰው ምን ማየት እንዳለበትም በየመሐሉ ጣል አደርጋለሁ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር የሆነውን ዓ.ም. ብዬ ለይቼዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ካርሎ ጉዚ በ1889 ሚላን ከተማ ውስጥ ተወለደ። አባቱ መሐንዲስ ነበር። ወጣትነቱን ያሳለፈው ግን በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ከተራራ ሥር በተቀመጠችው ማንዴሎ ዴል ላሪዮ በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። እዚያ ጆርጆ ሪፓሞንቲ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ጉዚም ከሱ ዘንድ እየዋለ ብረት መሞረድና የተበላሸ ማሽን ፈታቶ መጠገን ለመደ። በኋላ ኢሶታ ፍራስኪኒ በተባለው የመኪና ፋብሪካ ሠርቷል። ይሁን እንጂ እድሜውን ሙሉ ያልለቀቀው የዚያ የትንሹ ወርክሾፕ አስተሳሰብ ነው፤ አንድ ማሽን የትም ቦታ ቢቆም፣ አንድ ባለሙያ በጥቂት መፍቻ ከፍቶ ሊያየው ይገባል የሚል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጉዚ በዚያ ቤት በልጅነቱ የሰማቸው ቃላት ለኛም ባዕድ አይደሉም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፤ በየጋራዡ የምንሰማው ሁሉ የጣሊያን ቃል ነው። ሊብሬና ቦሎም ከዚያው ናቸው። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ አደባባይ ማለት ነው፤ አራዳ ላይ የተለጠፈውም በወረራው ጊዜ ነው። ቃላቱ እንዴት እንደመጡ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ጉዚ በአየር ኃይሉ ውስጥ መካኒክ ሆነ። ሁለት አብራሪዎች ወዳጆቹ ሆኑ፤ አንዱ ጆርጆ ፓሮዲ የጄኖዋ የመርከብ ባለቤት ልጅ፣ ሌላው ጆቫኒ ራቬሊ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ። ሦስቱ ጦርነቱ ሲያልቅ ሞተር ሳይክል አብረን እንሠራለን ተባባሉ። ጉዚ ይሠራል፣ ፓሮዲ ገንዘቡን ያመጣል፣ ራቬሊ እየነዳ ያሸንፋል፤ ሐሳቡ ይህ ነበር። ራቬሊ ግን በነሐሴ 1919 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በጉዚ ሞተር ሳይክሎች ታንክ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚታየው ንስር የሱ መታሰቢያ ነው።

የፓሮዲ አባት ገንዘቡን የሰጡት በደስታ ዘለው አይደለም። ለመጀመሪያው ሙከራ ከ1,500 እስከ 2,000 ሊሬ ፈቀዱ፤ ከዚህ እንዳያልፍ፣ ቀሪውንም ሥራውን ካዩ በኋላ እንደሚወስኑ አስጠነቀቁ። (አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው የኚህን ሽማግሌ ልማድ ቢወስድ ጥሩ ነው። መግዣው አንድ ብር ከሆነ ማደሻው የራሱ ሌላ ሒሳብ አለው፤ ጣሪያውን አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው መሐል መንገድ ላይ ይቀራል።)

በዚያ ገንዘብ የተሠራው የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል 500 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ቫልቭ ነበር። ካምሻፍቱ ከላይ ነው። ለዘመኑ እጅግ የረቀቀ ነው፤ ነገር ግን ለገበያ በጣም ውድ ሆነ። ጉዚም ሥራውን አቀለለው። ድርጅቱ መጋቢት 15 ቀን 1921 በጄኖዋ ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ኖርማሌ የተባለው ቀለል ያለ ሞዴል ወጣ። በመጀመሪያው ዓመት የተሠሩት 17 ብቻ ናቸው። በእኔ ግምት የጉዚ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። የሚወደውን ንድፍ ትቶ ሰው ሊገዛውና ሊጠግነው የሚችለውን መረጠ። ገንዘብ ስላልነበረውም ድርሻው ከእያንዳንዱ የሚሸጥ ሞተር ሳይክል የሚታሰብ ክፍያ ነበር፤ እንግዲህ የተሸጠው ሁሉ በደንብ እንዲሠራ የራሱ እንጀራ ያስገድደዋል ማለት ነው።

ኖርማሌን ከጎን ብታዩት ሁለት ነገር ይለየዋል። ሲሊንደሩ ወደ ፊት ተኝቷል፤ ነፋስ በቀጥታ ያገኘዋል፣ ክብደቱም ወደ መሬት ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ቮላኖው ከሞተሩ ውጭ ነው፤ እንደ ሥጋ መቁረጫ ማሽን ጎማ ትልቅ ሆኖ በግልጽ ይዞራል። ይህ አሠራር ለብዙ አሥርት ዓመታት በጉዚ ባለ አንድ ሲሊንደሮች ላይ ቀጥሏል። ገዢ የመጀመሪያ ፍተሻውን እዚያው ማድረግ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቮላኖውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መነቅነቅ ነው። ከተነቃነቀ የክራንክሻፍቱ ኩሽኔታ አልቋል፤ ሻጩ ምንም ቢምል ቀለሙና ክሮሙ አያድነውም።

አሁን ለረጅም መንገድ የሚሠራ ሞተር ሳይክል የምንለው ነገር በጉዚ ቤት በ1928 ተጀመረ ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሞተር ሳይክል ከኋላ ሞላ አልነበረውም፤ ነጂው ጉድጓዱን በወገቡ ይቀበላል። ካርሎ ከወንድሙ ከጁዜፔ ጋር የኋላውን እግር አንቀሳቃሽ አድርጎ ሞላዎቹን ከሞተሩ ሥር ደበቃቸው። ሰው አላመነም፤ የሚወዛወዝ ሻንሲ ይጥለናል ተባለ። ጁዜፔ ክርክሩን ትቶ ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ከኢጣሊያ እስከ ኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ነዳ። በአራት ሳምንት ገደማ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አብዛኛው ጥርጊያ መንገድ። ሞዴሉም ኖርጄ ተባለ። እንደዚያም ሆኖ ገበያው ቶሎ አልተቀበለውም። በ1935 ስታንሊ ዉድስ የኋላ ሞላ ባለው ጉዚ የማን ደሴትን ትልቁን ውድድር በ4 ሴኮንድ ሲያሸንፍ ነው አፍ የተዘጋው።

ያው 1935 ለኛ ሌላ ዓመት ነው። ዉድስ ያሸነፈው በሰኔ ነው፤ በጥቅምት መጀመሪያ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጉዚ ከ1932 ጀምሮ ጂቲ 17 የተባለውን ሞዴል ለዚሁ ጦር ይሠራ ነበር። አራዳ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የምኒልክ ሐውልት ወረደ፣ አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ተረሸኑ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ ገበያውም ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ተወሰደ። ካንዴላና ፍሪሲዮን የተባሉት ቃላት ከመንገዱና ከጋራዡ ጋር በብዛት የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ጉዚ መሐንዲስ እንጂ የጦር አዛዥ አልነበረም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን የጦሩ ደንበኝነት ፋብሪካውን አሳድጓል፤ የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ይህን ዘልሎ ወደ ዋንጫዎቹ መሄዱ ለእኔ ልክ አይደለም። የኖርጄን ሞላ ማድነቅም፣ ይህንን ማስታወስም ይቻላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢጣሊያ ድሃ ነበረች፤ ፋብሪካው በ1946 ጉዚኖ የተባለችውን የ65 ሲሲ ትንሽ ሞተር ሳይክል አውጥቶ ብዙ ሸጠ። በ1950 ማንዴሎ ላይ ሙሉ ሞተር ሳይክል ከነነጂው የሚፈተንበት የነፋስ ዋሻ ተሠራ። ፓሮዲ በ1955 አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ድርጅቱ ከውድድር ወጣ። ካርሎ ጉዚም በኅዳር 1964 በ75 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህን ቀን ገዢ ቢይዘው ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚመኛቸው ትላልቆቹ ጉዚዎች ከሱ ሞት በኋላ የወጡ ናቸው። ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ቀኝ የተከፈቱት ቪ7 ለሕዝብ የታየው በ1965 መጨረሻ ሲሆን የነደፈው ጁሊዮ ካርካኖ ነው። ለኮረኮንች የታሰቡት ቪ65 ቲቲና ኳታ የመጡት ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ተኝቶ ያለ ሲሊንደርና የውጭ ቮላኖ በነዚህ ላይ አትፈልጉ። በነፋስ መቀዝቀዙና ለመክፈት መመቸቱ ግን አለ፤ ሁለቱ ራሶች ከጎን ስለወጡ ቫልቭ ለማስተካከል ታንክ ማውረድ አያስፈልግም። ኃይሉ በሰንሰለት ሳይሆን በካርዳን ስለሚሄድ የኋላ ጎማውን አንሥታችሁ በእጅ አዙሩ፤ ካንቋቋ ወይም ዘይት ካንጠባጠበ ዋጋው ይውረድ።

ሙከራውን ደልዳላ ቦታ ላይ አታድርጉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥቁር ይሆናል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ውጡ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡት፣ ካንዴላውንም ነቅላችሁ እዩ። ከዚያ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ በሞተር ሳይክል መንቀሳቀስ ስለተከለከለ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስሙ ሊዞር፣ ፈቃዱም ሊወጣ የሚችል መሆኑን ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ ከተፋቀ ግን ዋጋውንም አትጠይቁ።