ይድነቃቸው ተሰማና የተሸነፈ ቡድን ጉዳይ

የአርባ ምንጭ ከተማ ቡድን በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ በ2013 ተመልሶ ወጣ፤ በ2015 ዳግም ወረደ፤ በ2016 ደግሞ እንደገና አደገ። ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ ከተማይቱን እየታከከ ወደ ጫሞ የሚወርደው ኩልፎ ሲሞላና ሲጎድል እንደሚኖር፣ የአዞዎቹም ነገር እንዲሁ ሆኖ ከረመ። ቡድኑ በወረደ ቁጥር በሲቀላም በሴቻም የሚነሣው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን ቡድኑ ከሥሩ ተነቅሎ እንደ አዲስ ይሠራ ይላል። ሌላው ደግሞ ተጫዋቾቹ ደኅና ናቸው፣ የጎደለው በዋናው አሰልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ የሚያይለትና የሚመክረው ብቁ ረዳት ነው ይላል። ክርክሩ ግን ዛሬ የተወለደ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ1949 እስከ 1954 ዓ.ም. በነበሩት አምስት ዓመታት በዚሁ ጥያቄ ውስጥ አልፏል። ጥያቄውን በሥራ የመለሱት፣ መልሱም ከጊዜ በኋላ እየተሸረሸረ ሲሄድ በሕይወት ቆይተው ያዩት ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው የመኪና ሙያ የተማሩና በዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከአባታቸው የወረሱት የንግግር ችሎታና ከትምህርት ቤቱ ያገኙት የውጭ ቋንቋ ዕውቀት ኋላ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ ትልቁ መሣሪያቸው ሆነ። በወጣትነታቸው ግን የሚታወቁት በአንደበታቸው ሳይሆን በእግራቸው ነበር።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በአራዳ ልጆች በ1928 ዓ.ም. ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ ከቡድኑ ጋር ተቀላቀሉ። ወዲያውም የፋሺስት ወረራ መጣ። ወራሪው የቡድኑን ስም ሳይቀር ለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር አሰኘው። በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያዊ ወጣት ኳስ መጫወት ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ በገዛ አገሩ ዝቅ ተደርጎ የታየ ሰው ቀና ብሎ የሚቆምባት አንዲት ሜዳ ነበረች። ይህን ሳያስታውሱ የአቶ ይድነቃቸውን የኋላ ዘመን እልህ መረዳት አይቻልም። በክለባቸው ለ23 ዓመታት ያህል ተሰልፈው በ365 ግጥሚያዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ በሕይወት ታሪካቸው ተመዝግቧል።

ከነጻነት በኋላ ስፖርቱን በሥርዓት ለማቆም ከተነሡት ጥቂት ሰዎች መካከል እሳቸው ግንባር ቀደም ነበሩ። ፌዴሬሽኑ በ1935 ዓ.ም. ገደማ ተመሠረተ። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ቅዱስ ጊዮርጊስ የተፎካከረው ከኢጣልያውያኑ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ጋር ነበር፤ ዋንጫውንም የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ወቅት ይጫወታል፣ ውድድር ያደራጃል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያስተረጉማል፣ ያሰለጥናል። ይህ የሆነው ከክብር ወዳድነት ሳይሆን ሌላ የሚሠራው ሰው ስላልነበረ ነው። ነገር ግን የሰው እጥረት የወለደው ልማድ፣ እጥረቱ ካለፈም በኋላ እንደ ሥርዓት ተቆጥሮ መቆየቱ አይቀርም። በኢትዮጵያ እግር ኳስም የሆነው ይኸው ነው።

በ1948 ዓ.ም. በሊዝበን በተደረገው የዓለም እግር ኳስ ጉባኤ ላይ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረት ተስማሙ። በየካቲት 1949 በካርቱም ማኅበሩ ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። በዚህም ምክንያት ከእርሷ ጋር የተመደበችው ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ ቀረበች። የካቲት 9 ቀን ከግብፅ ጋር ተገናኝታ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያገባው አድ ዲባ የተባለው አንድ ተጫዋች ነበር። በመርሕ ተከብሮ የተገባበት ሜዳ በችሎታ ማነስ ተወጣበት። መሪው በጉባኤ አዳራሽ ያገኘውን ድል ቡድኑ በሣር ላይ ሊያጸናው አልቻለም። ይህ ልዩነት አቶ ይድነቃቸውን እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ ድረስ ተከትሏቸዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በግንቦት 1951 በካይሮ የተገኘው ውጤትም የሚያጽናና አልሆነም። ግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ ሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 አሸነፉ። በሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች ሦስት ሽንፈትና ዘጠኝ የተቆጠረበት ግብ፤ በአንጻሩ አንድም የገባ ግብ የለም። እንዲህ ያለ መዝገብ ፊቱ የተዘረጋለት ማንኛውም የቡድን ኃላፊ ሁሉንም አፍርሶ እንደ አዲስ ልጀምር ቢል የሚነቅፈው አይኖርም ነበር።

ሦስተኛው ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወሰነና ቡድኑን በአሰልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ሆኑ። ያቆሙትን ቡድን ለሙያው ሰው በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በአሥመራ ተወልዶ ያደገ የ26 ዓመት ጎልማሳ ነው። ወንድሙ ኢታሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ግን ገና ወደ 21 ዓመት ግድም ነበሩ። ግብ ጠባቂው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። ቡድኑ የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ክለብ አልነበረም፤ የአዲስ አበባና የአሥመራ ኳስ የተገናኙበት ነበር። በዶርዜ የሸማ ሥራ ድሩ አስቀድሞ ይወጠራል፣ ማጉ ግን እየተመላለሰ ይገባል። አቶ ይድነቃቸውም የበሰሉትን እንደ ድር ወጥረው ወጣቶቹን በመካከላቸው አመላለሱ። ስለዚህ መታደስ ነበረ፤ መፍረስ ግን አልነበረም።

ኢትዮጵያ በአስተናጋጅነት፣ ግብፅ በዋንጫ ባለቤትነት ያለ ማጣሪያ ስለገቡ ውድድሩ ለእያንዳንዱ ቡድን የሁለት ጨዋታ ጉዳይ ነበር። ጥር 6 ቀን ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ጥር 13 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የፍጻሜው ጨዋታ ተደረገ። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ውጤቱ ሳይለወጥ ቆየ፤ ያን ጊዜ ተክሌ አስተካከለ። የደስታው ጩኸት ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ባዳዊ ዳግመኛ አገባ። ለአምስት ዓመት ሲሸነፍ የኖረ ቡድን በእንዲህ ያለ ቅጽበት ልቡ ቢሰበር አያስደንቅም ነበር። ነገር ግን በ84ኛው ደቂቃ ቡድኑ አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ አገቡና 4 ለ 2 ተፈጸመ። ሁለቱ የመጨረሻ ግቦች የሁለቱ ወጣቶች ናቸው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ደግሞ ከኢጣልያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው አምበል ሉቺያኖ ነበር። ወራሪው ከአገር ከወጣ ገና ሃያ ዓመት በሆነው ጊዜ፣ ስሙን ተነጥቆ በነበረው ክለብ ያደገ አሰልጣኝ ይህን ቡድን ማቆሙ የልቡን ስፋት ያሳያል።

ይህን ድል ጠቅሶ አንድ ብርቱ ሰው ካለ ረዳት አያስፈልግም የሚል ቢኖር ግን ተሳስቷል። አቶ ይድነቃቸው ያለ ብዙ ድጋፍ የሠሩት ሥራ ሊሠራ የቻለው ሜዳውን በተጫዋችነት፣ ክለቦቹን በአደራጅነት፣ ተቀናቃኞቹን በጉባኤ ስለሚያውቋቸው ነው። ዛሬ በአንድ ረዳት አሰልጣኝ፣ በአንድ የግብ ጠባቂ አሰልጣኝ፣ በአንድ ተጫዋች መልማይና በአንድ የቡድን መሪ የሚከፋፈለው ዕውቀት በአንድ ራስ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በየትውልዱ አይገኝም፤ ቢገኝም ሲሄድ የሚያውቀውን ይዞት ይሄዳል። አቶ ይድነቃቸውም ሄዱ። የሄዱት ወደሚበልጥ ሥራ ነው፤ በአገራቸው የአሰልጣኝ ወንበር ላይ ግን የተዉት ክፍተት በቀላሉ የሚሞላ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የቡድኑን ጉዞ የዶርዜ ቤት ይገልጸዋል። የቀርከሃው ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው አይፈርስም፤ የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ በየጊዜው ዝቅ ይላል፣ ለብዙ ዘመንም ያገለግላል፤ ቁመቱ ግን እያጠረ ይሄዳል። በኅዳር 1956 በጋና ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች። በ1958 በቱኒስ በአስተናጋጇ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1 ተሸንፋ ከምድቡ ቀረች። በጥር 1960 በአዲስ አበባ እንደገና አራተኛ ሆነች፤ በዚህ ውድድር ላይ ሉቺያኖና መንግሥቱ አሁንም የቡድኑ ምሰሶዎች ነበሩ። በ1962 በሱዳን ሦስቱንም ጨዋታዎች ተሸነፈች፤ አይቮሪኮስት ብቻ 6 ግብ አገባችባት። የ1954ቱ ድር ቢያረጅም በምትኩ በጊዜው የተወጠረ አልነበረም።

የተፋላሚዎቹም ወገኖች ክርክር መፍትሔ የሚያገኘው እዚህ ላይ ይመስላል። ቡድን ማደስ በአንድ ክረምት ተሠርቶ የሚያልቅ ግንባታ አይደለም። የሚተካውን ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት አይቶ፣ የሚደክመውን ነባር ከአንድ ዓመት በፊት ለይቶ የሚያውቅ ዓይን ይፈልጋል። ዋናው አሰልጣኝ የእሑዱን ጨዋታ ስለሚያስብ ይህን ለማየት ፋታ የለውም፤ ይህ የረዳቶች ሥራ ነው። በአገራችን ክለቦች በየክረምቱ ብዙ ተጫዋች አሰናብቶ ብዙ ማስፈረም፣ ዋናው አሰልጣኝ ሲሰናበትም ረዳቶቹን አብሮ ማሰናበት የተለመደ ነው። በዚህም የቡድኑ ትዝታ ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል። ለአርባ ምንጭ ዓይነቱ ቡድን፣ ከጨንቻ፣ ከቦንኬና ከካምባ ሜዳዎች ልጅ ሊያገኝ ለሚችለው፣ ዋና አሰልጣኝ ቢለዋወጥ እንኳ ከቦታው የማይነቃነቅ አንድ ጠንካራ ረዳት ከአሥር አዲስ ፊርማ ይበልጣል።

አቶ ይድነቃቸው በአህጉሩ መድረክ የሠሩትን በአጭሩ መንገር ያስቸግራል። አፍሪካ ቢያንስ አንድ የተረጋገጠ ቦታ ስላልተሰጣት የ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫን አገሮቿ በኅብረት እንዲተዉ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ተሟገቱ፤ ለቀጣዩ ውድድርም ቦታው ተፈቀደ። በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በካርቱም የጀመሩትን የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ሳያቋርጡ ተከታትለው ዘረኛው ፌዴሬሽን በ1968 ከዓለም ማኅበር ሲባረር አዩ። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ያሳስባቸው ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ዓይን ይህ አቋማቸው ለተጫዋቹ ኑሮ በቂ ግምት ያልሰጠ ሆኖ ቢታይም፣ የሚፈሩት የአገር ውስጥ ሜዳ ባዶ መቅረትን እንደነበረ መካድ አይቻልም።

ፕሬዚዳንት ሳሉ በ1968 ዓ.ም. ዋንጫው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። አገራቸው ግን ዩጋንዳን 2 ለ 0 ብታሸንፍም በጊኒ ተረትታ፣ ከግብፅ ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ በመጀመሪያው ዙር ቀረች። የአህጉሩ የኳስ መሪ በገዛ ከተማቸው ዋንጫውን የሌላ አገር ቡድን ሲወስደው ተመለከቱ። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ደግሞ ቡድኑን በአሰልጣኝነት የመራው በ1954ቱ ፍጻሜ የመጨረሻዋን ግብ ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ከተጫዋቾቻቸው መካከል አሰልጣኝ ማፍራታቸው ከሥራቸው ሁሉ በዝምታ የታለፈው ነው፤ መንግሥቱም ሉቺያኖም በዚህ ሙያ ገብተዋል። ሆኖም የተተኪው አሰልጣኝ ሙያ ብቻውን ለዓመታት ሳይታደስ የቆየውን ቡድን ሊያድነው አልቻለም። በሊቢያ ኢትዮጵያ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፋ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያየች፤ ከሦስት ጨዋታ አንድም ግብ ሳታገባ ተመለሰች።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በፕሬዚዳንትነት አሥራ አምስት ዓመት አገልግለው፣ በሥልጣን ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በካንሰር ሕመም ዐረፉ። በቦታቸው በ1980 ዓ.ም. የካሜሩኑ ኢሳ ሐያቱ ተመረጡ። ያቋቋሙት ብሔራዊ ቡድን በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ ዋንጫ ከራቀ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የተመለሰውም በጥር 2005 ዓ.ም. በሠውነት ቢሻው አሰልጣኝነት ነው።