አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም፤ ወንጌልን የወደዱ፥ የአባቶችንም ትርጓሜ ያልናቁ

አንባቢ ሆይ፥ የእምነቴ መሠረት መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚል ወንጌላዊ የቀደሙትን አባቶች ትርጓሜ ሊጥል ይገባዋልን? ይህን ነገር በአንድ ሰው ኑሮ ተመልከት።

አለቃ ታዬ በ1853 ዓ.ም. ገደማ በቤጌምድር በይፋግ ተወለዱ። በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ይሁን እንጂ በዚህ አልተወሰኑም፤ ግዕዝን፥ ቅኔንና የመጻሕፍትን ትርጓሜ ደግሞ እንደ አገራችን ሊቃውንት ሥርዓት አጠኑ።

የዚህን ትርጓሜ ጠባይ አስተውል። መምህሩ የግዕዙን ቃል አንብቦ በአማርኛ ይፈታል፤ ከዚያም አንድም እያለ ከሊቃውንት የወረደውን ሌላ ሌላ ፍቺ ይጨምራል። ተማሪውም ከእርሱ አስቀድሞ ብዙዎች በዚያው ቃል እንደ ደከሙ ያውቃል፤ ፊተኛ አሳቡንም የእግዚአብሔር አሳብ ነው ብሎ ከመቸኰል ይጠበቃል።

መጽሐፈ ሰዋስው የተባለው የአለቃ ታዬ ሥራ በ1889 ዓ.ም. በምንኩሉ ታተመ። በፈረንጆች ቍጥር በ1905 ዓጼ ምኒልክ ወደ በርሊን ላኳቸው፤ በዚያም ግዕዝንና አማርኛን አስተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ስለ ሃይማኖታቸው ተከሰሱ፥ መከራም ተቀበሉ። ነገር ግን ያሳደዳቸውን ወገን ጠልተው የአባቶቹን መጻሕፍት አልጣሉም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የሚባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. በአስመራ ታተመ፤ እርሳቸውም በ1916 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? አርዮስም መጽሐፍን ይጠቅስ ነበር። ስሕተቱን የገለጡት በፈረንጆች ቍጥር በ325 በኒቅያ ተሰብስበው ቃሉን የመረመሩ አባቶች ናቸው። ስለዚህም እምነት ብዙ ጊዜ የተሰደደው አትናቴዎስ አባ ሰላማን ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ ሾመ። ወንጌላውያንም ዛሬ በሥላሴ ሲያምኑ፥ ቢያውቁትም ባያውቁትም፥ የእነዚያን አባቶች ድካም ይካፈላሉ። ሆኖም አባቶች ምስክሮች እንጂ ዳኞች አይደሉም፤ ምስክርነታቸውም በቃሉ ይመዘናል።

ወዳጄ ሆይ፥ በኮዬ ፈጬ በአዲሶቹ ሕንጻዎች ኦርቶዶክሳዊውና ወንጌላዊው በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፥ ይወርዳሉ። ጎረቤትህ የአባቶችን ትርጓሜ ቢያነሣልህ አትሳቅበት፤ ከየትኛው ቃል እንደ ተነሣ በትሕትና ጠይቀው፥ ከእርሱም ጋር መጽሐፉን ግለጥ። ከቃሉ ጋር ቢስማማ በደስታ ተቀበል፤ ባይስማማ ቃሉን ያዝ፥ ሰውየውን ግን አትስደብ። አንተም ከአንተ በፊት ማንም ያላየው ፍቺ የተገለጠልህ ቢመስልህ ያን ጊዜ ፍራ፥ ደግመህም መርምር። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ሳለ ኢሳይያስን በእጁ ይዞ ነበር፤ የሚመራውን ፊልጶስን ግን ከአጠገቡ ያስቀምጥ ዘንድ አላፈረም።